የድሮ ዘፈን፣ ሸክላና ካሴት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቤታችን ጎንደር ፒያሳ አጠገብ ነው። ሳሎኑ ውስጥ ሁለት ቁም ሳጥን ሙሉ ካሴት አለ፤ ጥቂት ሸክላም አለ። ግማሹ የአባቴ ነው። ቀሪውን ከየሰው ቤት ለቅሜ ያመጣሁት እኔ ነኝ። እሁድ ከሰዓት ቡና ሲፈላ ቴፑ ይከፈታል። ጎረቤት ይመጣል፣ ተማሪዎች ከማራኪ ይመጣሉ፣ ከአዘዞ ታክሲ ተሳፍረው የሚመጡ አንዲት እናትም አሉ። የሚጠይቁኝ ነገር ተመሳሳይ ስለሆነ መልሱን እዚህ ሰብሰብ አደረግኩት። ዓመቶቹ በእኛ አቆጣጠር ናቸው፤ የፈረንጁ ሲሆን እ.ኤ.አ. ብያለሁ።

«የድሮ ዘፈን» የምትለው ከየት እስከ የት ያለውን ነው?

በግምት ከ1950ዎቹ እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ያለውን ነው።

መጀመሪያ የወታደር ኦርኬስትራዎቹ ዘመን አለ። ጥላሁን ገሠሠ፣ ብዙነሽ በቀለና ማሕሙድ አሕመድ ከክብር ዘበኛ ወጡ። አለማየሁ እሸቴና ሒሩት በቀለ ከፖሊስ ወጡ። ከዚያ የሸክላው ዘመን ይመጣል። ቀጥሎ የካሴቱ ነው፤ ዋሊያስ፣ ዳህላክ፣ ኋላ ሮሃ የሆነው አይቤክስ ባንድ።

የዩኒቨርሲቲ ልጆች ግን እነሱ ሕፃን ሳሉ የወጣውን ሁሉ «ድሮ» ይሉታል። ይበሉት። ደግ ዘፈን ከሆነ እሱንም እንሰማለን።

ያኔ ምን ነበር፣ ዛሬ የሌለ?

አንድ ክፍል ውስጥ ያሉ ሰዎች ይሰሙኛል። ያኔ ዘፈን ሲቀረጽ ዘፋኙም፣ ከበሮውም፣ ሳክስፎኑም አብረው ቆመው ይጫወቱ ነበር። አንዱ ከሳተ ሁሉም ከመጀመሪያው ይደግማል። ስለዚህ ይጠባበቃሉ። ዘፋኙ ትንፋሽ ሲወስድ ጊታሩ ዝቅ ይላል። ነፋሾቹ ሲገቡ ዘፋኙ ቦታ ይለቅላቸዋል። በጆሮ ማዳመጫ ስሙት፤ ወንበር ሲንቋቋ የሚሰማበት ቅጂ ሁሉ አለኝ።

ግጥሙ ደግሞ አይቸኩልም። መንገድ ላይ ያያትን ልጅ ለመጥራት ሦስት አንጓ የሚፈጅ ሰው አለ። ደብዳቤ ይጠበቃል፣ ሰላምታ በሰው ይላካል። እኔ የደብዳቤ ዘመን ሰው ስለሆንኩ ይሆናል፣ ይህ መጠበቅ ሆዴን ያባባዋል።

ጎንደር በዚህ ውስጥ ምን አላት?

ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ።

ዘመናዊው ዘፈን አዲስ አበባ ላይ ይቀረጽ እንጂ የድምፅ አወጣጡ ብዙው የአዝማሪ ነው። አዝማሪ ደግሞ ለጎንደር የቤት ልጅ ነው። የእኛ ሰው ጠጅ ቤትም ሆነ ሰርግ ላይ መሰንቆ ሲሰማ ዝም ብሎ አይቀመጥም። «ተቀበል!» ይልና ግጥም ይሰጣል። አዝማሪው እዚያው ተቀብሎ ያዜመዋል፤ ሰሙን አስቀድሞ ወርቁን ያስከትላል። በአንዲት የፈረስ ጭራ ክር ድምፁን ማርገብገብ፣ ቃሉን መጎተት፣ መጨረሻ ላይ ማጠፍ ይችልበታል። አሁን ተመልሳችሁ የትኛውንም የ1960ዎቹ ትልቅ ድምፃዊ ስሙ። ከኋላው ጊታርና ኦርጋን ይኑር እንጂ ጉሮሮው ውስጥ ያለው ያው መሰንቆ ነው።

የጌታቸው መኩሪያን ሳክስፎን ደግሞ ስሙልኝ። ጌታቸው ሽለላን ከሰው አፍ ወስዶ በሳክስፎን የተጫወተ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 አረፈ። እዚህ አገር ሽለላና ቀረርቶ ሰርግ ላይም፣ ጥምቀት ላይም ይሰማል። ለዚህ ነው አንድ የሰሜን ገበሬ የጌታቸውን ሸክላ መጀመሪያ ሲሰማ «ይሄማ የእኛ ነው» ያለኝ። ሳክስፎን በዓይኑ አይቶ አያውቅም ነበር።

አስቴር አወቀ የተወለደችው ጎንደር ነው፤ ያደገችው አዲስ አበባ። የመጀመሪያ ካሴቶቿን ያወጣላት ዓሊ ታንጎ ተብሎ የሚታወቀው የካይፋ ሪከርድስ ባለቤት ዓሊ አብደላ ነው። በደርግ ጊዜ የፋሲለደስ ኪነትም ነበር። አባቴ የኪነቱ ልጆች መድረክ ላይ ሲወጡ ፊት ለፊት ለመቀመጥ ከቤት በጊዜ ይወጣ እንደነበር እናቴ ዛሬም ታወራለች።

ቅኝት ሳላውቅ ማድመጥ እችላለሁ?

ትችላላችሁ። ቅኝት ማለት ዜማው የሚሠራበት የድምፆች ስብስብ ነው። አያቶቻችን ስሙን ሳይጠሩ ነው ሲያለቅሱበት የኖሩት።

ማወቅ ከፈለጋችሁ ግን ዋና ዋናዎቹ አራት ናቸው፦ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ። እያንዳንዱ አምስት አምስት ድምፅ ብቻ አለው። ልዩነቱ በድምፆቹ መካከል ያለው ርቀት ነው። ትዝታና ባቲ ሁለት ሁለት መልክ አላቸው፤ አንዱ ፈካ ያለ፣ አንዱ ጠቆር ያለ። አንቺሆዬን ለመለየት ቀላሉ መንገድ ሰርግ ማስታወስ ነው። ያቺ ቁጭ ብድግ የምታደርግ፣ ጆሮን ቆንጠጥ የምታደርግ ዜማ አንቺሆዬ ናት።

«ትዝታ» የቅኝቱም ስም ነው፣ የዘፈኑም፣ የስሜቱም። ሦስቱን መለየት አያስፈልግም።

ከየት ልጀምር?

እናታችሁ ወጥ ስትሠራ ከምታንጎራጉረው ጀምሩ። የማን እንደሆነ ጠይቋት። ብዙ ጊዜ አታውቀውም፤ ግጥሙን ግን እስከ መጨረሻው ታውቀዋለች። ከዚያ ዘፋኙን ፈልጋችሁ ያንን ካሴት ሙሉውን ስሙ፤ አንድ ገጽ ሳይቋረጥ። «ምርጥ አሥር» እያላችሁ አትዝለሉ።

ምንም መነሻ ለሌለው ሰው ግን እንዲህ እላለሁ። ለድምፅ ጥላሁን። ለጭፈራ አለማየሁ። ክራርና ምላስ ለሚወድ አስናቀች ወርቁ። ቃል ለማይፈልግ ሙላቱ አስታጥቄ፣ የጅማው ልጅ። እሱ ቫይብራፎን የሚባለውን በዱላ የሚመታ የብረት መሣሪያና የላቲን ከበሮ አምጥቶ ከቅኝቶቻችን ጋር አጋብቷቸዋል። ከዘፈን ብዛት ይልቅ አንዱን ደጋግማችሁ ብትሰሙ ብዙ ታተርፋላችሁ።

ሸክላ ማሳተም መቼ ተጀመረ? ለምንስ ቆመ?

የመጀመሪያው አገር ቤት ውስጥ አልተቀረጸም። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1908 ጀርመን ሳለ ነው ድምፁን ሸክላ ላይ ያስቀመጠው።

አገር ውስጥ ያለው ነገር ግን ረጅም ጊዜ ተዘግቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣ ድንጋጌ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብቱን ለሐገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ሰጠ። እና በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ በሙዚቃ ስትናጥ፣ ያንን ሙዚቃ የሚያሳትም የለም። አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት የሙዚቃ ቤት ነበረው። የውጭ ሸክላ ይሸጣል። «የራሳችንን ለምን አናሳትምም?» አለ። ሕጉን ያውቅ ነበር፤ አልፎት ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1969 የአለማየሁ እሸቴን አወጣ። አገር ውስጥ ማተሚያ ስላልነበረ ቅጂዎቹ ውጭ አገር፣ ሕንድና ሊባኖስ ድረስ ተልከው ነው ታትመው የመጡት። እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ድረስ ከመቶ በላይ ነጠላ ሸክላና ወደ ደርዘን የሚጠጉ ትላልቅ ሸክላዎች አወጣ። ስድስት ዓመት ብቻ ነው! ዛሬ ዓለም «የኢትዮጵያ ወርቃማ ዘመን» የሚለው አብዛኛው የሚቀዳው ከዚህ ሰው መደርደሪያ ነው። ካይፋና ፊሊፕስም አሳትመዋል፤ የማሕሙድ ታላቁ ሸክላ የካይፋ ነው።

ከዚያ ደርግ መጣ። የሰዓት እላፊ ታወጀ። ማታ ከቤት መውጣት ሲከለከል የምሽት ክበብ ሞተ። ባንዶች ሆቴል ውስጥ በር ተዘግቶ እስኪነጋ ይጫወቱ ነበር፤ የገባ ሰው ሌሊቱን መውጣት አይችልማ። አምሃ ወደ አሜሪካ ሄደ። ሸክላው ቆመ። ርካሹና በቀላሉ የሚባዛው ካሴት ቦታውን ያዘ። ካሴት ለእኛ ለክፍለ ሀገር ሰዎች ውለታ ውሏል። ሸክላ ማጫወቻ ያለው ቤት በጣት የሚቆጠር ነበር፤ ቴፕ ግን ገጠር ድረስ ገባ።

ለምን ስም ታበዛለህ? ዘፋኙን ማወቅ አይበቃም?

አይበቃም። ይህን ሁልጊዜ እከራከራለሁ፣ አሁንም እከራከራለሁ።

አንድ ዘፈን አራት አምስት ሰው ይሠራዋል። ግጥም የጻፈ አለ፣ ዜማ የሠራ አለ፣ ያቀናበረ አለ፣ የተጫወተ ባንድ አለ። የድሮ ካሴት ወረቀት ላይ ይህ ሁሉ ይጻፍ ነበር። በደቃቅ ፊደል፣ አንዳንዴ በተሳሳተ ፊደል፣ ግን ይጻፍ ነበር። ዛሬ ስልካችሁ ላይ የሚታየው የዘፋኙ ስምና ፎቶ ብቻ ነው። ሳህሌ ደጋጎ የደረሳቸውን ዜማዎች ጎንደር ላይ የማያንጎራጉር የለም፤ ስሙን የሚጠራ ግን ጥቂት ነው። የግርማ በየነም እንዲሁ ነው። ራሱ የዘፈናቸው ጥቂት ናቸው። ያቀናበራቸው ግን የዚያ ዘመን ግማሽ ጆሮ ናቸው። ይልማ ገብረአብና አለምፀሐይ ወዳጆ ግጥም፣ አበበ መለሰ ዜማ ሰጡ። የስንቱን ፍቅር እነሱ ተናገሩለት!

እኔ ደብተር አለኝ። አንድ ካሴት በሰማሁ ቁጥር ወረቀቱን እያየሁ ሁሉንም እገለብጣለሁ። ወረቀቱ የጠፋበት ካሴት ሲመጣልኝ እንደ ወላጅ አልባ ልጅ ነው የማየው። እሁድ የሚመጡትን አዛውንቶች አንድ በአንድ እጠይቃለሁ። «ይሄ ኦርጋን የማን ነው?» አንዳንዴ መልሱ ይገኛል።

የአባቴ ካሴቶች ካርቶን ውስጥ ተቀምጠዋል። ምን ላድርጋቸው?

መጀመሪያ እንዳታጫውቷቸው! ብዙ ሰው ከሃያ ዓመት በኋላ አውጥቶ ወዲያው ቴፕ ውስጥ ይከታል፣ ቴፑም ይበላዋል።

አንድ በአንድ ብርሃን ላይ ያዙና በካሴቱ መስኮት በኩል እዩት። ክሩ ላይ ነጭ ነጭ ብናኝ ካለ ሻጋታ ነው። የጎንደር ክረምት እርጥበቱ ቀላል አይደለም። እሱን ለብቻው አስቀምጡ፤ ሌላውንም ቴፑንም ይበክላል። ንጹሕ ከሆነ ቢክ እስክሪብቶ ጥርሱ ውስጥ አስገቡና ቀስ ብላችሁ አዙሩት። እየላላ ከመጣ ጥሩ ነው። ከዚያ አንድ ጊዜ እስከ ጫፍ፣ መልሳችሁ ደግሞ እስከ ጫፍ ጠቅልሉት።

ቴፑንም አጽዱ። ጥጥ በፋርማሲ አልኮል አርጥቡና ሄዱን፣ ክሩን የሚያነበውን ብረት፣ ጥረጉት። ጥጡ ቡናማ ይሆናል፤ ቡናማ መሆኑ እስኪያቆም ቀጥሉ። ክሩን የሚጎትተውን ትንሽ የጎማ መንኮራኩርም ጥረጉ። በድንጋይ የሚሠራ ቴፕ ከሆነ አዲስ ድንጋይ አስገቡ። ልጅ ሳለን የደከመ ድንጋይ ፀሐይ ላይ እያሰጣን እንጠቀም ነበር፤ ጥላሁን ሁሉ ቀስ ብሎ እንቅልፍ እየወሰደው ይመጣል። ለመገልበጥ ግን ድንጋይ ላይ አትቆጥቡ።

ከዚህ በኋላ ነው ወደ ኮምፒውተር የሚገለበጠው። ከቴፑ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ እስከ ኮምፒውተሩ የድምፅ ማስገቢያ ድረስ አንድ ገመድ ይበቃል። ነፃ የድምፅ መቅጃ ፕሮግራም ጫኑ። በ44,100 ኸርዝ፣ ድምፁን ሳይቀንስ በሚያስቀምጠው በዋቭ ፋይል ቅዱ። ኤምፒስሪውን ለስልክ በኋላ ታወጡታላችሁ፤ ከኤምፒስሪ ወደ ኋላ መመለስ ግን የለም። ድምፁን የፕሮግራሙ መለኪያ ቀዩ ላይ እንዳይደርስ ዝቅ አድርጉት። ካሴት በሰዓቱ ነው የሚሄደው። ባለ 60 ካሴት አንድ ሰዓት ይፈልጋል፣ ባለ 90 አንድ ሰዓት ተኩል። ባለ 90ው ክሩ ቀጭን ስለሆነ እሱን ይበልጥ ተጠንቀቁት።

የወረቀቱን ሁለቱንም ገጽ ፎቶ አንሱ። ፋይሉን ስታስቀምጡ ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር፣ ባንድ ብላችሁ ጻፉ። ሁለት ቅጂ ይኑራችሁ፤ አንዱ ሌላ ቤት ይቀመጥ።

ክሩ ቢበጠስስ?

አትጣሉት። ጫፎቹን አግድም ቆርጣችሁ በቀጭን የካሴት መቀጠያ ፕላስተር አያይዙ። ተራው ስኮች ሙጫው በጊዜ ይፈስና የጎኑን ክር ያጣብቃል። ሁለት ሦስት ሴኮንድ ዘፈን ብቻ ነው የምታጡት።

እነዚያ ከካሴቱ ጀርባ ያሉ ትንንሽ ጥርሶች ለምንድን ናቸው?

ከተሰበሩ ካሴቱ ላይ ሌላ ነገር መቅዳት አይቻልም። ዛሬውኑ ስበሯቸው።

ይህን የምለው ምክንያት አለኝ። የአክስቴ ሰርግ ላይ አባቴ ግቢያችን ውስጥ አንድ አዝማሪ ቀድቶ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ። አጎቶቼ ግጥም ሲሰጡ፣ አዝማሪው ሲቀበል፣ አክስቴ ስትስቅ ይሰማ ነበር። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሆኜ ያንኑ ካሴት አንስቼ ከሬዲዮ የኳስ ጨዋታ ቀዳሁበት። መጀመሪያ ላይ አራት ደቂቃ ያህል ተርፏል። አንድ አጎቴ «ተቀበል» ይላል፣ አክስቴ ትስቃለች፣ ከዚያ ጨዋታ አስተላላፊው ይገባል። አጎቴም አክስቴም ዛሬ የሉም። አባቴ አንድም ቀን አልተቆጣኝም።

ሸክላ በምን ይጸዳል?

የ45 ዙሩና የ33 ዙሩ ፕላስቲክ ስለሆነ በንጹሕ የተጣራ ውኃና ለስላሳ ጨርቅ፣ በመስመሩ ዙሪያ ይጸዳል። የ78 ዙሩን የጥንቱን ግን በፍጹም አልኮል እንዳታስነኩት፤ ያሟሟዋል። ሁሉም ቆመው ይቀመጡ እንጂ አትከምሯቸው።

ሁሉም ዩቲዩብ ላይ አለ፤ ለምን ትደክማለህ?

ሁሉም የለም። ብዙ አለ፤ እሱንም ለጫኑት ሰዎች እግዜር ይስጣቸው። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» በሚል የሲዲ ተከታታይ ብዙ ሸክላ ከመጥፋት አድኗል። ከካሴቱ ዘመን ግን ገና ያልተነካ ክምር አለ፤ በተለይ በክፍለ ሀገር።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። የዋሊያሱ ኃይሉ መርጊያ ባንዱ አሜሪካ በሄደበት እ.ኤ.አ. 1981 እዚያው ቀረ። ዋሽንግተን ላይ ታክሲ ይነዳ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 ብቻውን፣ በአኮርዲዮንና በኪቦርድ አንድ ካሴት ሠራ። ካሴቱ ከጊዜ ብዛት ተረሳ። ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ እዚሁ አጠገባችን ባሕር ዳር አንድ ሱቅ ውስጥ አገኘው። እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታተመ። ኃይሉም ከዚያ በኋላ ወደ መድረክ ተመልሶ ዓለምን ዞረ። ባሕር ዳር ከሆነ ጎንደር የማይሆንበት ምክንያት የለም። እኔ በየሰው ካርቶን የምጎረጉረው ለዚህ ነው።

አዳዲስ ልጆች የድሮውን ሲዘፍኑት ቅር ይልሃል?

ስም ከጠሩ አይለኝም። ቢያሳምሩትም ባያሳምሩትም ዜማው አፍ ላይ ይቆያል። «የሕዝብ ዜማ» ብለው ሲያልፉት ግን ያመኛል። የሕዝብ ያልሆነው ሁሉ የሕዝብ ተብሏል።

እናቴ ትዝታ ሲዘፈን ታለቅሳለች። ልዝጋው?

አትዝጉት። አጠገቧ ተቀመጡ። ከአዘዞ የሚመጡት እናት አንድ ዘፈን ብቻ ነው ሁልጊዜ የሚያስከፍቱኝ። ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው ይሰሙና «በል አሁን ቡናውን አምጡ» ይላሉ። ለምን እንደሚያለቅሱ ጠይቄያቸው አላውቅም።

ካሴቶቹን ትሸጣለህ?

አልሸጥም። ለመገልበጥም ብር አልቀበልም።

ካሴት ይዤ ብመጣ ትገለብጥልኛለህ?

በደስታ። እሁድ ከሰባት ሰዓት በኋላ ነው። ሁለት ካሴት አምጡ፤ ከዚያ በላይ ጊዜው አይበቃም። ወረቀቱ ካለ ከነወረቀቱ ይሁን። ከሌለ ደግሞ ካሴቱን ያኔ የገዛውን ሰው ይዛችሁ ኑ፤ አባትም ይሁኑ አክስት። ዘፈኑ ሲጀምር እሳቸው የሚሉትን እኔ ደብተሬ ላይ እጽፈዋለሁ።